የራዲያተር ፋን በሪሌና በቴርሞስዊች አስተሳሰር፦ ከኮምቦልቻ ደሴ ለሚመላለስ መኪና

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን መንገዱ ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ወደ 2,500 ሜትር ይወጣል። ሐረጎ ዳገት ላይ ጭነት ይዞ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ከከባድ መኪና ኋላ የሚያዘግም ሹፌር የሞተር ሙቀት ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ሞተሩ ያለ የሌለ ጉልበቱን ይሰጣል፣ መኪናው ግን አይሮጥም፤ ስለዚህ ራዲያተሩን አቋርጦ የሚያልፍ ነፋስ የለም። እዚያ ቦታ ላይ ሞተሩን የሚያድነው ፋኑ ብቻ ነው።

አሮጌ መኪኖች ላይ በብዛት የማየው አስተሳሰር ግን ለዚህ አይሆንም። ከባትሪ አንድ ሽቦ ይወጣል፣ ዳሽቦርድ ላይ ባለ ማብሪያ ማጥፊያ ያልፍና ቀጥታ ፋኑ ላይ ይገባል። «ዳይሬክት» ይሉታል። ሹፌሩ ሲያስታውስ ፋኑ ይዞራል፤ ሲረሳ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ይጣመማል። ማብሪያውም ቢሆን ለዚያ ሁሉ አምፒር አልተሠራም፤ እየሞቀ ውስጡ ይቀልጣል፣ አንዳንዴም ጭስ ያወጣል። ፋኑን ማስነሳት ያለበት የውሃው ሙቀት ነው። የእጅ ማብሪያ ይኑር፣ ግን አጋዥ ሆኖ ይኑር። ቴርሞስዊች የውሃውን ሙቀት ተከትሎ በራሱ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ ነው፤ ሪሌ ደግሞ በትንሽ ኃይል ታዞ የፋኑን ከባድ ኃይል የሚያገናኝ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው አስተሳሰር በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ባለ 12 ቮልት መኪና ላይ ይሠራል።

መጀመሪያ፦ ጥፋቱ የፋን ነው ወይ?

መኪናው በሜዳ መንገድ ከ60 በላይ እየሮጠ የሚሞቅ ከሆነ ፋን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። በዚያ ፍጥነት የመንገዱ ነፋስ ራሱ ይበቃል። ራዲያተሩ በዝገትና በቆሻሻ ተደፍኖ፣ ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው) አልከፍት ብሎ፣ ወይም የውሃ ፓምፑ ደክሞ ሊሆን ይችላል። ውሃ እየጎደለ መፍሰሻው ካልታየ፣ ወይም ሞተሩ ተነስቶ ገና ሳይሞቅ ራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ የቴስታታውን ጋስኬት አስመርምሩ።

ቆሞ ሲሠራ፣ ፒያሳ መጨናነቅ ውስጥ ወይም ዳገት ላይ ሲያዘግም ብቻ የሚሞቅ፣ ሲሮጥ ደግሞ የሚበርድ መኪና ከሆነ ግን ጥፋቱ የፋን ነው። እንቀጥል።

ክዳኑ፣ ከፍታውና ፋኑ የሚነሳበት ሙቀት

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ደሴ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ላይ 94 አካባቢ ይደርሳል። ባሕር ወለል ላይ ብቻ ነው 100 የሚሆነው። ደሴ ላይ ባቄላ ቆይቶ የሚበስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። መኪና ውስጥ ግን የራዲያተሩ ክዳን ግፊት አምቆ ይይዛል። ብዙ የጃፓን ክዳኖች ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተጽፎ ታያላችሁ፤ ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9 የሚይዝ ደህና ክዳን ያለው መኪና ደሴ ላይም ቢሆን ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላበትም።

አሁን ክዳኑ ጎማው ደርቆ ወይም ስፕሪንጉ ላልቶ ግፊት አልይዝ አለ እንበል። ቴርሞስዊቹ ደግሞ በ95 ዲግሪ ነው ፋኑን የሚያስነሳው። ምን ይሆናል? ውሃው 92 ላይ ፈልቶ እየተንፎለፎለ ይወጣል፣ ፋኑ ግን ገና አልተነሳም። ባለቤቱ «ፋኑ አይሠራም» ብሎ ቴርሞስዊች ይቀይራል፣ ከዚያ ሪሌ ይቀይራል፣ በመጨረሻ ሁሉንም አስነቅሎ ዳይሬክት ያሳስራል። የጎደለው አንድ ክዳን ነበር። ስለዚህ ማንኛውንም ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ለመኪናው የተወሰነውን ቁጥር የያዘ አዲስ ክዳን ግጠሙ። ውሃውም ንጹሕ ውሃና ኩላንት እኩል በእኩል የተደባለቀ ቢሆን መፍያውን በጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል፤ ከሁሉ በላይ ግን ዝገት ይከላከላል።

የቴርሞስዊች ምርጫ የቴርሞስታቱን ቁጥር ተከትሎ ይመጣል። ስዊቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ ለምሳሌ ለላዳ ከሚሠሩት ውስጥ 92–87 እና 99–94 የሚሉ አሉ። ትልቁ ፋኑ የሚነሳበት፣ ትንሹ የሚጠፋበት ነው። ማጥፊያው ቴርሞስታቱ መከፈት ከሚጀምርበት ሙቀት በላይ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ፋኑ አንዴ ከተነሳ ማረፊያ የለውም። በ82 ለሚከፈት ቴርሞስታት 92–87 ይስማማል፤ በ88 ለሚከፈተው ደግሞ 99–94 ይሻላል። ራዲያተሩ ታች፣ ውሃው በርዶ በሚወጣበት በኩል የሚገባ ስዊች ከሆነ ግን ዝቅ ያለውን ምረጡ፤ እዚያ ያለው ውሃ ሞተሩ ውስጥ ካለው ይቀዘቅዛል።

ሌላ ስሕተት አለ። ሞተሩ ላይ ያለው ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ለጌጁ (ዳሽቦርድ ላይ ላለው ሙቀት መለኪያ) የሚያገለግል ሊሆን ይችላል። እሱ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ሬዚስታንሱ ቀስ እያለ የሚቀየር እንጂ እንደ ማብሪያ የሚዘጋና የሚከፈት አይደለም። ሪሌ አያሠራም፣ ጌጁንም ያዛባል። አትንኩት።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ባለ 12 ወይም 14 ኢንች ፋን፣ 40 አምፒር የሚችል ባለ አራት ወይም ባለ አምስት እግር ሪሌ ከነሶኬቱ፣ 30 አምፒር ፊውዝ ከነመያዣው፣ አንድ ባለ 5 አምፒር ትንሽ ፊውዝ፣ ቴርሞስዊች፣ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ተርሚናሎች፣ ሽቦውን የሚያለብስ ቱቦ። ለፋኑ መንገድ 4 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ፣ ለሪሌው ማዘዣ 1 ካሬ ይበቃል።

ሽቦው የመኪና ሽቦ፣ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ይሁን። ለቤት መብራት የሚሸጠው ባለ አንድ ወፍራም ክር ሽቦ ርካሽና በየሕንፃ መሣሪያ ሱቁ የሚገኝ ቢሆንም በሞተር ንዝረት ውስጥ ውስጡን ይሰበራል፤ ላስቲኩ ደህና ስለሚመስል ጥፋቱን ስትፈልጉ ቀን ይመሽባችኋል።

ያገለገለ ፋን የምትገዙ ከሆነ ሱቁ ላይ ባትሪ አስቀርባችሁ ሞክሩት። በእጅ ስታዞሩት በቀላሉ መዞር፣ ሲሠራም አለመንቀጥቀጥና አለመፋጨት አለበት። አምፒር መለኪያ ካለ ለኩ፤ በዚህ መጠን ያሉ ፋኖች በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 አምፒር ይወስዳሉ፤ በሚነሱበት ቅጽበት ግን ከዚያ በላይ ይስባሉ። 30 አምፒር ፊውዝ የመረጥነውም ለዚያ ነው።

ፋኑን መግጠም

ቦታ ካለ ፋኑ ከራዲያተሩ በስተኋላ፣ በሞተሩ በኩል ሆኖ ነፋሱን የሚስብ ይሁን። ፊት ለፊት ሆኖ የሚገፋው በሩጫ ጊዜ የመንገዱን ነፋስ ይከልላል። ብረት እግር አሠርታችሁ ከራዲያተሩ ፍሬም ጋር በብሎን እሰሩት። በራዲያተሩ ክንፎች መሐል አልፎ የሚያስር ፕላስቲክ አትጠቀሙ፤ ንዝረቱ ቀጭኖቹን የውሃ ቱቦዎች እየፈተገ ይበሳቸዋል። በፋኑና በራዲያተሩ መካከል ያለውን ክፍተት የሚያለብስ ክፈፍ ቢኖር ነፋሱ በሙሉው ራዲያተር በኩል ይመጣል፤ ያለ ክፈፍ የሚቀዘቅዘው ፋኑ የሸፈነው ክብ ብቻ ነው።

ቀበቶ የሚያዞረውን የድሮ ፋን የምታወጡ ከሆነ ተጠንቀቁ። በብዙ አሮጌ መኪኖች የፋኑ ብሎኖች የውሃ ፓምፑን ፑሌም አብረው ይይዛሉ። ፋኑ ሲወጣ የፋኑ ውፍረት ስለሚቀንስ ብሎኖቹ ይረዝማሉ፤ አጠር ያለ ብሎን ካልተደረገ ፑሌው አይጠብቅም። ቀበቶው ግን ይቆያል፣ የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው እሱ ነው። የድሮውን ፋን አትሽጡት፤ አዲሱ ሐረጎን በጭነት ደጋግሞ እስኪወጣ ድረስ መጋዘን ይቀመጥ።

ሽቦ ማሰር

ሞተሩ በርዶ ይሁን። ከባትሪው መጀመሪያ ኔጋቲቩን ንቀሉ። የሪሌው እግሮች ላይ 30፣ 87፣ 85 እና 86 ተጽፏል፤ ባለ አምስት እግሩ ላይ 87ኤ የሚል ይጨመራል፣ እሱን ባዶ ተዉት። 30 እና 87 ከባዱ መንገድ ናቸው፣ የፋኑ ኃይል የሚያልፍባቸው። 85 እና 86 የሪሌውን ጥቅልል የሚያሠሩ ናቸው፤ ከ0.2 አምፒር ብዙም አይበልጥባቸውም። ለዚህ ነው ትንሽ ማብሪያና ቀጭን ሽቦ የሚበቃቸው።

1. ሪሌውን ከጭስ ማውጫው ራቅ ባለ፣ ውሃ በማይረጭበት ቦታ እግሮቹን ወደ ታች አድርጋችሁ እሰሩ። እግሮቹ ወደ ላይ ከሆኑ የዝናብ ውሃ ሶኬቱ ውስጥ ይተኛል።

2. ከባትሪው ፖዘቲቭ 4 ካሬ ሽቦ አውጡ። 30 አምፒር ፊውዙ ከባትሪው ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ መራቅ የለበትም። በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለ ሽቦ ተልጦ ቦዲ ቢነካ የሚያቆመው የለም፤ እሳት ነው። ከፊውዙ ሽቦው ወደ 30 ይገባል።

3. ከ87 ወደ ፋኑ ፖዘቲቭ ሌላ 4 ካሬ ሽቦ ውሰዱ።

4. የፋኑን ኔጋቲቭ በተመሳሳይ ወፍራም ሽቦ ቦዲው ላይ እሰሩ፤ ቀለሙንና ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ጠርጋችሁ። ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ቀጥታ ብታገናኙት የበለጠ ነው። «ፋኑ ደካማ ነው» ከሚባሉት ስንቶቹ በዛገ ኔጋቲቭ ምክንያት የደከሙ ናቸው!

5. ለ86 ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል የሚመጣበት መስመር ፈልጉ። ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ይዛችሁ ፊውዝ ሳጥኑ ላይ ቁልፉን እየከፈታችሁና እየዘጋችሁ ታገኙታላችሁ። በ5 አምፒር ፊውዝ አልፎ 86 ላይ ይግባ። ከኮይሉ መስመር ግን አትቁረጡ፤ የሞተሩን እሳት ከፋን ጋር ማገናኘት መንገድ ላይ ያስቀራል።

6. ከ85 ወደ ቴርሞስዊቹ አንድ እግር፣ ከቴርሞስዊቹ ሌላ እግር ወደ ቦዲ። ውሃው ሲሞቅ ስዊቹ ይዘጋል (ማለትም መስመሩን ያገናኛል)፣ ጥቅልሉ ኔጋቲቭ ያገኛል፣ ሪሌው «ቀጭ» ብሎ ይይዛል፣ ፋኑ ይነሳል።

7. የእጅ ማብሪያው ከዚሁ 85 ተነስቶ በራሱ መንገድ ወደ ቦዲ ይሂድ። ይህ አስተሳሰር ሹፌሩ ፋኑን ማስነሳት እንዲችል፣ ማጥፋት ግን እንዳይችል ያደርገዋል። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ዳገቱ ግርጌ ላይ ውሃው ሳይሞቅ ቀድሞ ማስነሳት ለሚፈልግ ይጠቅማል፤ ቢረሳውም ባይረሳውም ስዊቹ ሥራውን ይሠራል።

8. ከ87 አንድ ቀጭን ሽቦ በትንሽ ፊውዝ አውጥታችሁ ዳሽቦርድ ላይ ትንሽ መብራት አድርጉ። መብራቱ ሪሌው መያዙን ይነግራችኋል፤ ፋኑ መዞሩን ግን አይነግርም። ስለዚህ ጆሮም ይስማ።

መገጣጠሚያዎቹን በመጭመቂያ ፒንሳ በደንብ ጨምቁ፤ በሙቀት የሚጠብቅ ቱቦ አልብሱ። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ራዲያተር አጠገብ አይሠራም፤ ሙቀቱ ሙጫውን ያቀልጠውና ናስትሮው በራሱ ተፈትቶ ይወድቃል።

ቴርሞስዊቹ ባለ አንድ እግር ከሆነ ኔጋቲቩን የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ስለሆነ ነጩን የቧንቧ ቴፕ አታብዙበት፤ ጨርሶ ሊቋረጥ ይችላል። በጎማ ቱቦ መሐል በሚገባ የብረት መጋጠሚያ ላይ ከሆነ ደግሞ ጎማው ስለሚያቋርጠው ከመጋጠሚያው ወደ ቦዲ የራሱ ሽቦ ያስፈልገዋል።

የቶዮታ ስዊች ወጥመድ

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ከፋብሪካ የሚመጣባቸው ስዊች ሥራው ከላይ ከጻፍኩት ግልብጥ ነው። ሲበርድ ዝግ ነው፣ ሲሞቅ ይከፈታል። ፋብሪካው እንዲህ ያደረገው ሽቦው ቢበጠስ ፋኑ እንዲዞር እንጂ ሞተሩ እንዳይቃጠል ነው፤ ጥሩ አስተሳሰብ ነው። ግን ያንን ስዊች አውጥታችሁ በዚህ አስተሳሰር ብትገጥሙት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ፋኑ ይዞራል፣ ሲሞቅ ይቆማል። ምርመራውም ይለያያል፦ በኛ አስተሳሰር ሁለቱን የስዊች ሽቦዎች ስታገናኙ ፋኑ ይነሳል፤ በዚያኛው ቁልፍ ከፍታችሁ የስዊቹን ሶኬት ስትነቅሉ ይነሳል። መኪናችሁ የፋብሪካው አስተሳሰር ካለው አትለውጡት፣ ጠግኑት። አዲስ ለሚያስር ግን ሲሞቅ የሚዘጋውን ስዊች ይግዛ።

ሙከራ

ስዊቹን ከመግጠም በፊት መሞከር ይቻላል። ሰዎች በፈላ ውሃ ይሞክሩታል፤ ደሴ ላይ ግን ይህ ያሳስታል። ውሃው 92 አካባቢ ላይ ፈልቶ ስለሚቆም በ95 ወይም በ99 የሚዘጋ ስዊች ቀኑን ሙሉ ቢቀቀል አይዘጋም፤ ደህናው ዕቃ «ሞቷል» ተብሎ ይጣላል። በምግብ ዘይት ሞክሩት። ትንሽ ዘይት በአሮጌ ጣሳ፣ ዝቅተኛ እሳት ላይ፣ ቴርሞሜትር ገብቶበት፤ ስዊቹ በሽቦ ታስሮ የብረት ጫፉ ብቻ ዘይት ውስጥ ይግባ፣ ጣሳውን ግን አይንካ። ቴስተሩን ድምፅ የሚሰጥበት ላይ አድርጉና ጠብቁ። «ጢ...ት» ሲል ቴርሞሜትሩን አንብቡ፤ ከዚያ እሳቱን አጥፍታችሁ ዝም የሚልበትንም ያዙ። ከተጻፈው ሁለት ሦስት ዲግሪ ቢለይ ችግር የለውም። ዘይቱ ላይ ውሃ እንዳይንጠባጠብ፣ ከ110 በላይም አታሙቁት።

መኪናው ላይ ሁሉም ከታሰረ በኋላ ኔጋቲቩን መልሱ፣ ቁልፉን ክፈቱ፣ የእጅ ማብሪያውን አብሩ። ፋኑ ሲዞር ከራዲያተሩ ፊት አንድ ወረቀት አስጠጉ። ስቦ ካጣበቀው አቅጣጫው ልክ ነው። ወረቀቱን ከገፋው ፋኑ በተቃራኒ እየዞረ ነውና የፋኑን ሁለት ሽቦዎች አቀያይሩ። በተቃራኒ የሚዞር ፋን ድምፁ ደህና ይመስላል፣ ነፋሱ ግን ከመንገዱ ነፋስ ጋር ይጋጫል።

ከዚያ ሞተሩን አስነሱና በፋኑ ሁለት ሽቦዎች ላይ ቮልት ለኩ፤ ባትሪው ላይም ለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ካለፈ ሽቦው ቀጥኗል ወይም አንድ መጋጠሚያ ደክሟል፤ ሪሌውንና ፊውዙን በእጃችሁ ዳስሱ፣ የሚያቃጥለው እዚያ ነው።

በመጨረሻ ሞተሩን ቆሞ እያለ እንዲሞቅ ተዉት። የእጅ ማብሪያው ይጥፋ። ጌጁ እየወጣ ከመሐል ትንሽ አለፍ ሲል ፋኑ መነሳት፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መጥፋት፣ እንደገና መነሳት አለበት። ይህን ዑደት ሳታዩ መንገድ አትውጡ። ጌጁ ቀይ ሊነካ ሲቃረብ ካልተነሳ ሞተሩን አጥፉ፤ ክዳኑን ግን አትንኩት፣ ፈልቶ ይረጫል። ከበረደ በኋላ የውሃውን መጠን ተመልከቱ፦ ስዊቹ አየር ውስጥ ከቀረ ሙቀቱን ዘግይቶ ነው የሚሰማው። ፋኑ በማንኛውም ጊዜ በራሱ ሊነሳ ስለሚችል ከዚህ በኋላ ኮፈን ከፍታችሁ ስትሠሩ ቁልፉ ዝግ ይሁን፤ ይህን ለጋራዥ ልጆችም ንገሩ።

ዲናሞው ይችለዋል ወይ?

አሮጌ መኪኖች ላይ 40 ወይም 50 አምፒር የሚያመነጭ ዲናሞ የተለመደ ነው። ማታ፣ ጉምና ዝናብ ባለበት ሐረጎን ስትወጡ የፊት መብራቶቹ ብቻ 9 አምፒር ገደማ ይወስዳሉ፤ የኋላ መብራቶች፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ ሬዲዮ፣ አሁን ደግሞ 15 የሚጎትት ፋን ተጨመረ። ያስችላል፣ ግን ቀበቶው የላላ ወይም ዲናሞው የደከመ መኪና ላይ ባትሪው ቀስ በቀስ ይወርዳል። ሁሉንም አብርታችሁ ሞተሩን ትንሽ ነዳጅ ሰጥታችሁ ባትሪው ላይ ለኩ። 13.5 ቮልትና ከዚያ በላይ ካገኛችሁ በቂ ነው። ከ13 በታች ከወረደ ፋኑ ላይ አትፍረዱ፤ ዲናሞውን አሠሩ።

መንገድ ላይ ቢበላሽ

ወደ ባቲና ሚሌ ቁልቁል ለሚወርድ፣ ወይም ዳገቱን በየቀኑ ለሚመላለስ፣ ኮፈኑ ሥር ወይም ኪስ ውስጥ ትርፍ ሪሌ፣ ሁለት ባለ 30 ፊውዝ እና ሁለት ጫፉ ተርሚናል የተገጠመለት አንድ ስንዝር 4 ካሬ ሽቦ ይቀመጥ።

ፋኑ ካልተነሳ መጀመሪያ የእጅ ማብሪያውን አብሩ። ከተነሳ ጥፋቱ የስዊቹ ነው፤ ማብሪያውን እንዳበራችሁ ቤታችሁ ግቡ። ካልተነሳ ፊውዙን እዩ። ፊውዙ ደህና ከሆነ ቁልፉን ዝጉና ሪሌውን ነቅላችሁ በሶኬቱ ላይ 30ን እና 87ን በዚያች ሽቦ አገናኙ። ያኔ ፋኑ ከተነሳ የሞተው ሪሌው ወይም የሪሌው ማዘዣ መስመር ነው፤ ትርፉን ሪሌ ሞክሩ። በሽቦውም ካልተነሳ የፋኑ ሞተር ወይም ኔጋቲቩ ነው፤ በዚህ ጊዜ ጥግ ይዛችሁ አብርዱ፣ የመኪናውን የውስጥ ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ በዝግታ ሂዱ፤ ማሞቂያው ከሞተሩ የተወሰነ ሙቀት ይሸከማል። በሽቦ አገናኝታችሁ የደረሳችሁ ከሆነ ደግሞ ስትቆሙ ሽቦውን ንቀሉ፤ ቁልፍ ቢዘጋም ፋኑ መዞሩን አያቆምም፣ ጠዋት ባትሪው ባዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል።